የጌጤነሽ ዕድሜ

ኤልዳና ቸርነት ጭንጫዬ የደረሰችው ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ነው። ከበራሪው ሚኒባስ እንደወረደች መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ተራ ጠባቂ ሰው መፈለግ ነበር። ሜዳው በፀሐይ ተጥለቅልቋል፤ ሕፃናት ይሯሯጡበታል፤ ማን ቀጥሎ እንደሚገባ የሚያስተናግድ ግን የለም። እሷ በምትኖርበት ሕንጻ ፀሐይ የሚሞቀው በፈረቃ ነው። የስልሳ አንደኛ ፎቅ ተራ ሐሙስ ከሰዓት ነው፤ ያመለጠው ሰው እስከሚቀጥለው ሐሙስ ይጠብቃል። ጭንጫዬ ላይ ግን ውሻው ሳይቀር ያለ ተራው ተጋድሞ ይሞቃል። ኤልዳና ትንሽ ካመነታች በኋላ እንደ ሌባ ግራ ቀኝ አይታ ወደ ሜዳው ገባች።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። ገጠር የሚባለው ነገር ተዘግቶ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። መዝጋት የሚለው ቃል የመንግሥት ነው። ዝናቡ እያነሰ ከሄደ በኋላ ውኃውን ለየመንደሩ ከመላክ ሰዉን ወደ ውኃው ማምጣት ይቀላል ተብሎ ተወሰነ፤ ሰዉም መጣ፣ ማለትም አምጥተው ሕንጻ ላይ አሰፈሩት። ሕጉ የተወው ቀዳዳ አንድ ብቻ ነበር። ከመቶ ሃያ አምስት ዓመት በላይ የሆነው ሰው የሚኖርበት ስፍራ አይዘጋም፤ ሰውየው ቢሞትም አይዘጋም። ምናልባት አፈሩ ወይም አየሩ ሳይንስ ያልደረሰበትን ነገር ይዞ ይሆናል ተብሎ ነው። ሕጉ በወጣ በዓመቱ አገሩ በእድሜ ጠገብ ተጥለቀለቀ። አምና ዘጠና ዓመቱን ያከበረ ሰው ዘንድሮ መቶ ሠላሳ ገባ። አንዱማ ሒሳቡን በደንብ ሳይሠራ ቀርቶ ጣሊያንን በጦር ሳባርር ነበር ብሎ ለመርማሪዎቹ ተናግሯል።

ኤልዳና ከእነዚያ መርማሪዎች አንዷ ናት። የሙያው ችግር የሰው ገላ ዕድሜ መናገር ማቆሙ ነው። ዕድሜ የሚያራዝመው ክኒን ከመጣ ወዲህ የሰባ ዓመት ጉበትና የመቶ ዓመት ጉበት አይለይም። በደም ዝምድና መመርመርም ተከልክሏል፤ ብዙ ቤት አፍርሷልና። ወረቀት እንደሆነ ሁሉም ሰው አለው። የቀረው መንገድ ቁጭ ብሎ ማነጋገር ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከኤልዳና የተሻለ ጆሮ ያለው ሰው ቢሮው ውስጥ አልነበረም።

የታሪክ ጥያቄ አትጠይቅም። ንጉሡ መቼ ወረዱ፣ ደርግ መቼ ወደቀ የሚለውን የትኛውም ተማሪ ያውቀዋል፤ መንደሮቹም አዛውንቶቻቸውን ሲያስጠኑ ነው የሚከርሙት። እሷ ተራ ነገር ትጠይቅና መልሱን ትታ የተናጋሪውን ከፍታ ታዳምጣለች። ሕፃን ሆኖ ያየ ሰው የሚያስታውሰው ጉልበት፣ ተረከዝ፣ የአልጋ ሥርና የቀሚስ ጫፍ ነው። አዋቂ ሆኖ ያየ ሰው ፊት ያስታውሳል። ዓመተ ምሕረት የሚዋሽ ሞልቷል፤ ዓይኑ ከመሬት ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደነበረ የሚዋሽ ሰው ግን ገጥሟት አያውቅም፤ ማንም ስለማያስበው። አንድ ሽማግሌ መቶ ሠላሳ ዓመቴ ነው ብለው ስለ ንጉሡ መኪና ሲያወሩላት «ጎማው መሀል ያለው ብረት ፊቴን እንደ መስታወት ያሳየኝ ነበር» አሏት። ያን የሚያይ ቁመቱ ከጎማው ያልበለጠ ልጅ ነው። መንደራቸው በወሩ ተዘጋ።

እንዲህ እያለች ብዙ መንደር ዘግታለች። ስንት እንደሆኑ ብትጠየቅ አላውቅም ትላለች፤ ታውቀዋለች። እኚያ ባለ ጎማው ሽማግሌ የተመደቡት ደግሞ እሷው ሕንጻ ላይ፣ እሷው ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት ውስጥ ሲያገኟት «እንደምን አደርሽ የኔ ልጅ» ይሏታል፤ ቂም የሚባል ነገር አይታይባቸውም። በሩ ሲከፈት ከመውጣታቸው በፊት እጃቸውን ዘርግተው ያያሉ። ዝናብ ይኖር እንደሆነ ለማወቅ ነው፤ ኮሪደር ላይ። ኤልዳና ከእሳቸው ጋር ላለመግባት ስትል ስልሳውን ፎቅ በደረጃ የወረደችባቸው ጥዋቶች አሉ።

የጭንጫዬ አስተዳዳሪ ያፌት ይባላል። አርባ ዓመት የሞላው፣ ፈጣን፣ እጁን የሚያስቀምጥበት የሚጠፋው ዓይነት ሰው ነው። መንደሩን እየዞረ ሲያሳያት በየጣሪያው ላይ ቀዳዳ አየች።

«ለምንድነው የማትጠግኑት?»

«ጉዳያችሁ እስኪያልቅ ሁሉም ባለበት ይቆይ ተብለናል» አላት። «ምስማር መምታት ክልክል ነው። ክረምቱን ዕቃ ከወዲያ ወዲህ ስናሸሽ ነው የምናሳልፈው። ወይዘሮ ኤልዳና፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ እዚያ ሕንጻው ላይ ሰው ሲሞት የት ነው የሚቀበረው?»

«አይቀበርም። ይቃጠልና አመዱ በስሙ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል።»

«በስሙ» አለ ያፌት፤ ከዚያም ፊት ፊት እየሄደ ወደ እማማ ጌጤነሽ ቤት ወሰዳት።

እማማ ጌጤነሽ የያፌት ቅድመ አያት ናቸው። መንደሩ በሙሉ የተንጠለጠለው በእሳቸው ላይ ነው፤ የመቶ ሃያ ስምንት ዓመት ሴት ናቸው ተብሏል። በረንዳው መደብ ላይ አጎዛ ተነጥፎላቸው፣ ነጭ ለብሰው፣ ትንሽ ሆነው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው የመጨረሻው ልጃቸው አባባ አስማረ በጭራ ዝንብ ይከላከሉላቸዋል። አባባ አስማረ ዘጠና ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ታላላቆቻቸው ሁሉ ሞተዋል። የዘጠና ሰባት ዓመት ሰው «እማዬ፣ ፀሐዩ አልበዛብሽም?» ሲል መስማት ለኤልዳና አዲስ ነበር።

ከሁሉም በላይ ሰሚው አንዣበበ። ሰሚው የምርመራውን ቃል የሚቀዳ፣ ከዋንጫ የማይበልጥ ዕቃ ነው፤ መርማሪ ባለበት ሁሉ ከራሱ በላይ ይንሳፈፋል። ቃል ይሰበስባል እንጂ አያመዛዝንም።

«እማማ» አለች ኤልዳና፣ «በሰባ ሰባቱ ረሀብ እህል የተቀበላችሁት የት ነበር?»

«ከወንዙ ማዶ ሜዳው ላይ ነው። ልጅ አዝዬ ነው የሄድኩት። ያኔ የሃያ አራት ዓመት ሴት ነኝ።» እማማ ይህን ሲሉ የያፌት ከንፈር አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር።

«ሲሄዱ ምን ይታይዎት ነበር?»

ይቺ ጥያቄ ካስጠኗቸው ውስጥ የለችም። ያፌት ፊቱን ወደ ሜዳው አዞረ። እማማ ግን ጥያቄውን ወደዱት መሰል፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ፈለጉት።

«እግር» አሉ። «የሰው እግር ብቻ። ሁሉም አቧራ ለብሷል፤ የማን እንደሆነ አይለይም። ከፊቴ ያለችው ሴት የቀሚሷ ጫፍ እሳት በልቶት ጠቁሯል፤ እሷን እንዳትለቂ ተብያለሁና ያንን ጥቁሩን እያየሁ ሄድኩ። ኋላ መኪናው መጣ። ሰዉ ሲጋፋ እኔ በመኪናው ሆድ ሥር ገብቼ በወዲያ በኩል ብቅ አልኩ።» ሳቁ። «ሁሉም ሲረጋገጥ እኔ ከፊት ተገኘሁ!»

«ጎንበስ ብለው ነው ያለፉት?»

«ምን ያጎነብሰኛል? ቀጥ ብዬ ነው እንጂ። ራሴን እንኳ አልነካኝም።»

ያፌት ታሪኩ አስደስቶት አብሮ ሳቀ። የአባባ አስማረ ጭራ ግን ለአፍታ ቆሞ ነበር፤ ዝንቧ የእማማ ግንባር ላይ አርፋ እስክትነሳ ድረስ።

ኤልዳና ተጨማሪ ጥያቄ አላስፈለጋትም። ልጅ ያዘለች የሃያ አራት ዓመት ሴት በጭነት መኪና ሥር ቀጥ ብላ አታልፍም። በሰባ ሰባት እኚህ ሴት ቢበዛ የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ዛሬ ዕድሜያቸው መቶ አሥር ግድም ነው። የሚደነቅ ዕድሜ ነው፤ ጭንጫዬን ግን አያድንም። እንደወትሮው ያን ጊዜውኑ ሪፖርቷን ልትልክ ትችል ነበር። አልላከችም። ድካም ነው ብላ ለራሷ ነገረች።

በማግስቱ ስትመጣ እማማ እግሬን መታጠብ እፈልጋለሁ አሉ። የያፌት ሚስት ውኃ ይዛ ስትጠጋ በእጃቸው ገፏት።

«አንቺ አይደለሽም። ይቺ እንግዳዋ ትጠበኝ።»

«እማማ፣ እሷ የመንግሥት ሰው ናት እኮ» አለ ያፌት እያፈረ።

«የመንግሥት ሰው እጅ የለውም?»

ገላ በሚታጠብበት ቤት ውስጥ ሰሚ አይገባም፤ ይህ ሕግ ነው። ሰሚው ወደ ግቢው ወጣ፤ ያፌትም ወጣ፤ በሩ ተዘጋ። አባባ አስማረ የመጨረሻው ነበሩ፤ ከመውጣታቸው በፊት የእናታቸውን ነጠላ አስተካከሉላቸው። ኤልዳና ሳፋውን አስጠግታ ተንበረከከች። የሰው እግር አጥባ አታውቅም። ተረከዙ እንደ ግንድ ቅርፊት የተሰነጣጠቀ ነበር፤ ውኃ ስታፈስበት ሞቀኝም ቀዘቀዘኝም አላሉ።

«አወቅሽብኝ አይደል?»

«ምኑን?»

«ተይ እንጂ። ትናንት ‹ጎንበስ ብለው› ስትይኝ ፊትሽን አይቼዋለሁ። ዓይኔ ደህና ነው።» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እኔ ትርንጎ ነኝ።»

ስሙን ካሉት በኋላ ራሳቸው እንደ መደንገጥ አሉ። አፋቸው ላይ የማያውቁት ምግብ እንደገባ ሰው ትንሽ አላመጡት።

«ትርንጎ ነኝ። ጌጤነሽ ታላቅ እህቴ ናት። እሱም ቢሆን እናታችን ያወጣችላት አይደለም፤ እናታችን አንጓች ነው ያለቻት። እዚህ ስትዳር አማቷ ጌጤነሽ አሏት። ድሮ ምራት ስትገባ አማት ስም ታወጣ ነበር፤ አንቺ አታውቂውም። እህቴ በወሊድ ሞተች፤ የተወለደውም አልቀረ። አስማረ ድክ ድክ ይላል ያኔ፣ ሦስት ዓመቱ ነው። ባሏ ልጆቹን ይዞ ጨለመበት። አባቴ ባዕድ ሴት መጥታ ከምታሳድጋቸው አለና በእሷ ምትክ እኔን ሰጠ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ስመጣ አማቴ በሩ ላይ ቆመው ‹ጌጤነሽ፣ ግቢ› አሉኝ።»

«ሌላ ስም አላወጡልዎትም?»

«ለምን ያወጡልኛል? ስሙ የቤቱ ነው። ሰው ወጥቶ ሰው ገባ እንጂ ቤቱ እንደሆነ ያው ነው። አስማረ ሮጦ መጥቶ ቀሚሴን ያዘ፤ እማዬ አለኝ። ምን ልበል? ገባሁ።» እግራቸውን ከውኃው አውጥተው መልሰው ከተቱት። «ትናንት ይሄ ልጅ ያስጠናኝን ከማለቴ በቀር ለማንም አልዋሸሁም ልጄ። ኋላ መዝጋቢ መጣ፤ ጌጤነሽ ማናት ሲል አቤት አልኩ። የተወለደችበትን ሲጠይቅ ባሌ የሚያውቀውን፣ የእሷን ነገረው። ትልልቆቹ ልጆች ያውቁ ነበር፤ አንዳቸውም ትንፍሽ ሳይሉ ሞቱ። አሁን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።»

ኤልዳና ተረከዙን ታሽ ነበር። ብዙ ውሸታም አጋጥሟታል፤ ያስጠኑትን የሚያነበንብ፣ የሚምል፣ የሚያለቅስ። ሳይዋሽ የኖረ ሰው ሐሰት ሆኖ ሲገኝ ግን ምን እንደሚደረግ አታውቅም።

«ዕድሜዋን በላሁባት» አሉ እማማ። «እሷ በሠላሳ አራት ዓመቷ ቀረች። እኔ በስሟ ልጆቿን አሳደግሁ፤ በስሟ ልደት ይከበርልኛል፤ ኬክ ያስቆርሱኛል። ሰው ሲያጨበጭብልኝ እሷ የምታየኝ ይመስለኛል። መቃብሯ እንኳ ስም የለውም፤ ስሟ እኔ ጋ ሆኖ ምን ይጻፍበት? እላይ ስደርስስ? ጌጤነሽ ሲባል ሁለታችን አቤት ልንል ነው?»

«ምን ላድርግልዎ?»

«ስሜን ጻፊልኝ። በስሜ ልቀበር። የእሷን ለእሷ መልሺላት።»

«ያን ከጻፍኩ መንደሩ ይዘጋል፣ እማማ።»

«አውቃለሁ። ይሄ ልጅ ቀን ከሌት የሚነግረኝ እሱን አይደል? መንደሩን ተሸክሜ ኖርኩ፤ ጌጤነሽንም ተሸክሜ ኖርኩ። አሁን ላውርድ ነው የምልሽ።»

«አባባ አስማረስ?»

እማማ ወደ በሩ ዞሩ። ከውጭ የአባባ አስማረ ሳል ይሰማል፤ በሩ አጠገብ መሆን አለባቸው።

«እሱ እንዳይሰማ» አሉ። «በዚህ ዕድሜው እናት አልባ አላደርገውም። እሱ ሳይሰማ ጻፊልኝ።»

«እንደዚያ የሚባል ነገር የለም። ከተጻፈ ሁሉም ይሰማል።»

«አንቺ የተማርሽ አይደለሽ? እንዴት እንደሚሆን አንቺ ታውቂያለሽ።»

ኤልዳና እግራቸውን በፎጣ አደረቀች፤ በየጣቱ መሀል ሳይቀር። ላስብበት አለቻቸው። እማማ ትርንጎ ጉንጯን ዳሰሱና እግዜር ይባርክሽ አሏት፤ ነገሩ ያለቀ መስሏቸው ነበር።

ከሰዓት በኋላውን ሜዳው ላይ ስትዞር ዋለች። ሚዛኑ ቀላል ነው ብላ ራሷን አሳመነች። በአንድ በኩል የአንዲት አሮጊት ስም አለ። በሌላው በኩል የሚጠገኑ ጣሪያዎች፣ ያለ ተራ የሚሞቅ ፀሐይ፣ የሚቀበሩ ሬሳዎች፣ የዘጠና ሰባት ዓመት ልጅ። ማንም ቢሆን የትኛው እንደሚከብድ ያውቃል። ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን ስታስብ የነበረው ስለ ጭንጫዬ እንዳልሆነ ልቧ ያውቀው ነበር። ስታስብ የነበረው ሊፍቱን ነው። አንድ መንደር፣ አንድ እንኳ፣ ሳልዘጋ ቀርቻለሁ ብላ ከእኚያ ሽማግሌ ጋር አብራ መውረድ ፈልጋለች። ደግነት የሚመስለው ነገር ውስጡ ይሄ ነበር፤ ዋጋውን የሚከፍሉት ደግሞ እግራቸውን ያጠበችላቸው ሴት ናቸው። ይህ ሁሉ እየታወቃት ነው ወደ ማረፊያዋ ገብታ የጻፈችው።

ሐሙስ ጠዋት ሰዉ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ሰሚው ከላይ ሆኖ፣ ውሳኔውን አነበበች። ጌጤነሽ፣ ዕድሜ መቶ ሃያ ስምንት፣ ተረጋግጧል። እልልታውን ገደሉ አስተጋባው። ያፌት አለቀሰ፤ እንባውን እንኳ ሳይጠርግ መሰላል አምጡ አለ። ንግግሩ ሳያልቅ አንድ ሰው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ምስማር መምታት ጀመረ፤ ከዚያ ሌላው፤ ጥቂት ቆይቶ መንደሩ በሙሉ በመዶሻ ድምፅ ተሞላ። ደስ የሚል ጩኸት ነበር።

እማማ የተባለውን አልያዙትም። ያፌት ጆሯቸው ሥር ጎንበስ ብሎ ደገመላቸው። ዓይናቸውን ወደ ኤልዳና አነሱ።

«እንዲህ ነው የጻፍሽው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እሺ» አሉ። አልተቆጡም። አንድ ነገር ለምኖ የለም ሲባል እሺ ብሎ እንደሚሄድ ሰው ነበር አባባላቸው። ኤልዳና ቢቆጧት በወደደች።

ከዚያ ቀን በኋላ ጌጤነሽ ተብለው ሲጠሩ አቤት አላሉም። እማማ ሲሏቸው ይዞራሉ፤ አባባ አስማረ እማዬ ሲሏቸው ይመልሳሉ። በዚያ ስም የጠራቸው ሰው ግን ጮኸም ዝግ አለም ግድግዳ የጠራ ያህል ነው። መንደሩ ደነቆሩ አለ። ሐኪም መጥቶ መረመረ፤ ጆሯቸው ደህና ነው ብሎ ሄደ። ያፌት ይህን ለመንገር ለኤልዳና ደወለላት።

«ጎብኚ መጥቶ በስማቸው ሲጠራቸው ዝም ይሉታል። እኛንም እያሳቀቁን ነው። እርስዎ ብዙ ሽማግሌ ያውቃሉ፤ ምን ብለን ብንጠራቸው ይሰሙናል?»

ኤልዳና ምን ብለው እንደሚጠሩ ታውቃለች። ስልኩን ከጆሮዋ ትንሽ አራቀችው።

«ጠጋ ብላችሁ ጥሯቸው» አለችው።

ሊፍቱም ቢሆን አልቀለላትም። እኚያ ሽማግሌ እንደወትሮው እጃቸውን ሲዘረጉ አንድ መንደር አልዘጋሁም ብላ ለራሷ ታስባለች፤ ወዲያው ተንበርክካ ያጠበችው እግር ይመጣባታል። ቢሮው ለሌላ ምርመራ ሲልካት አመመኝ ማለት ጀመረች። ስለ ጭንጫዬ የሚያመሰግናት ሰው ሲያጋጥማት ፊቷን ታዞራለች፤ ሰዎች ትሕትና አድርገው ወሰዱት።

ክረምቱ እንደወጣ እማማ ሞቱ። ኤልዳና መሄድ አልነበረባትም፤ የመርማሪ ሥራ ከሞት በፊት ያልቃል። ሆኖም ሄደች። ግቢው በሰው ተሞልቷል፤ ለሥነ ሥርዓቱ የተመደበ ሰሚ ከሬሳው በላይ ያንዣብባል። የተጠገኑት ጣሪያዎች ያብለጨልጫሉ። ከመቃብሩ አፋፍ ላይ መንግሥት ያሠራው ትልቅ ድንጋይ ቆሟል፤ ጌጤነሽ የሚለው ስም ከነመቶ ሃያ ስምንት ዓመቱ በወርቅ ቀለም ተጽፎበታል። ከዚያ ጥቂት ራቅ ብሎ አንዲት ወይራ ሥር ድንጋይ የተከመረበት፣ ምንም ያልተጻፈበት አሮጌ መቃብር አለ። ኤልዳና የማን እንደሆነ ጠርጥራ አጠገቡ ቆመች።

የጭንጫዬ ቤተ ክርስቲያን ካህን ካጣ ዘመናት አልፈዋል፤ የእማማ የንስሐ አባትም ከሞቱ ቆይተዋል። ፍትሐቱን ሊያደርሱ ከሕንጻው የመጡት ቄስ ወጣት ናቸው፤ ሰው አፈር ውስጥ ሲቀበር ሲያዩ የመጀመሪያቸው መሆኑ ያስታውቃል። መጽሐፋቸውን ገልጠው ቀና አሉ።

«ክርስትና ስማቸው ማን ነው?»

ፍትሐት በዓለም ስም አይደረስም፤ ነፍስ የምትታሰበው በክርስትና ስሟ ነው። ያፌት አላወቀውም፤ ወደ አባባ አስማረ ዞረ። አባባ አስማረ ግን ወደ ቄሱ አልሄዱም። በሰዉ መሀል እየተደገፉ ኤልዳና ወደ ቆመችበት ወደ ወይራዋ መጡ፤ ክንዷን ያዙና ጀርባቸውን ለሰሚው ሰጡ።

«ልጄ፣ እኔ የማውቀው የእናቴን ነው» አሏት በሹክሹክታ። «ወለተ ሥላሴ። ይቺ መቃብሯ ናት። አያቴ ልትሞት ስትል ልጅ ሆኜ ነግራኛለች፤ እናትህን በጸሎት አስባት ብላ።»

ኤልዳና ወደ እሳቸው ዞረች። «ያውቁ ነበር?»

«ዕድሜ ልኬን። አውቃለሁ ካልኳት አክስቴ ልትሆንብኝ ነው፤ እኔ ደግሞ እማዬ ማለት ነው የምፈልገው። ኋላ የመንደሩ ጉዳይ መጣ፤ ያኔማ ጭራሽ አፌን ያዝኩ። እሷም ለእኔ ብላ ዝም፣ እኔም ለእሷ ብዬ ዝም።» ዓይናቸው ፈጥጦ ፊቷ ላይ ነበር። «እግሯን ያጠብሻት ቀን ለምን እንዳስወጣችን ገብቶኛል። በሩ ላይ ቆሜ ደስ አለኝ፤ ለአንድ ሰው እንኳ ተናገረች ብዬ። እኔ ልጠይቃት አልቻልኩም። አንቺ ግን ሥራሽ ነው። የእሷ ክርስትና ስም ማን ነው?»

ኤልዳና አፏን ከፈተች። ትርንጎ የሚለው ስም ምላሷ ላይ ነበር፤ የተጠየቀችው ግን እሱን አይደለም። ስለ እህል እደላው ጠይቃቸዋለች፤ ጎንበስ ብለው እንደሆነ ጠይቃቸዋለች፤ አማታቸው ምን እንዳሏቸው ሰምታለች። ስሜን ጻፊልኝ ሲሏት ስሙን ለመደበቅ ከመቸኮሏ የተነሳ ሌላ ስም ይኖራቸው እንደሆነ አላሰበችም።

«አልጠየቅኋቸውም» አለች።

አባባ አስማረ ክንዷን አልለቀቁም። ሌላ የሚያውቅ ሰው ይኖር እንደሆነ ሰዉን አንድ በአንድ በዓይናቸው አዳረሱት፤ ከእሳቸው በዕድሜ የሚበልጥ አልነበረም።

«አባባ፣ እንጠብቅ?» አሉ ቄሱ።

«ወለተ ሥላሴ በሏት» አሉ አባባ አስማረ። ቄሱም ጸሎቱን በዚያ ስም ጀመሩ።